ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ

በ1866 እ.ኤ.አ. የሴፕቴምበር ወር ሊገባደድ ሲል፣ ሩሲያዊው ደራሲ ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ የቀረው ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነበር። ኖቬምበር 1 ቀን አንድ አዲስ ልብ ወለድ ጨርሶ ለአሳታሚው ለስቴሎቭስኪ ማስረከብ አለበት። ካላስረከበ፣ በቀጣዮቹ ዘጠኝ ዓመታት የሚጽፈውን ሁሉ አሳታሚው ሳንቲም ሳይከፍል የማተም መብት ያገኛል። ውሉ ተፈርሟል። በውሉ የተገኘው 3,000 ሩብል ከአበዳሪዎች እጅ ገብቶ አልቋል። ከልብ ወለዱ ግን አንድ ገጽ እንኳ አልተጻፈም።

ሰውየው በስንፍና የሚታማ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ሚስቱንና ወንድሙን በጥቂት ወራት ልዩነት ቀብሯል። ወንድሙ ሚኻይል ትቶት የሄደው የመጽሔት ዕዳም ትከሻው ላይ ወድቋል። ውሉን በ1865 የፈረመው ከዕዳ እስር ለማምለጥ ነበር። በዚያው በ1866 ደግሞ «ወንጀልና ቅጣት» በ«ሩስኪ ቬስትኒክ» መጽሔት ላይ በተከታታይ ይወጣ ስለነበር፣ የመጽሔቱን ክፍል ለማድረስ ሌሊቱን ሁሉ ይጽፋል። በጁን ወር ለአንዲት ወዳጁ በላከው ደብዳቤ ላይ ዕቅዱን ገልጿል፤ ሁለቱን ልብ ወለዶች ጎን ለጎን፣ አንዱን ጠዋት ሌላውን ማታ እየጻፈ በአራት ወር ሊጨርሳቸው አስቧል። መጽሔቱ የሚጠብቀው ሥራ ተራመደ። የስቴሎቭስኪ ልብ ወለድ ግን «ነገ» እንደተባለ ከረመ።

የአማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ቁርጥ ያለ አባባል አለው፦ «ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ»። የሠርጉ ቀን ከወራት በፊት ተቆርጧል፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ በርበሬው ግን ሰርገኛው ደጃፍ ሲደርስ ነው የሚቀነጠሰው። ብዙ ሰው ይህን ጠባዩን አምኖ ተቀብሏል፤ አንዳንዱም ይኮራበታል። «እኔ ቀኑ ካልደረሰብኝ ሥራ አይገባልኝም» የሚል ሰው በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዩኒቨርሲቲው አለ። ይህ ምዕራፍ የሚመረምረው ይህንን አነጋገር ነው። ቀነ ገደብ እውነት ያሠራል? የሚያሠራ ከሆነስ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የታወቀ ቀን ዶስቶየቭስኪን ስለምን አንድ ገጽ ማስጻፍ አቃተው?

የሞት መስመርና ግድብ

በእንግሊዝኛ ቀነ ገደብ «ዴድላይን» ይባላል፤ ቃል በቃል ሲፈታ «የሞት መስመር» ነው። ቃሉ የወጣው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። በ1864 በጆርጂያ ግዛት አንደርሰንቪል በተባለ ቦታ የደቡብ ጦር ለሰሜን ምርኮኞች እስር ቤት አቋቋመ። ከግንድ ከተሠራው ትልቅ አጥር ወደ ውስጥ ጥቂት ሜትር ገባ ብሎ ዝቅ ያለ የእንጨት መስመር ተዘረጋ። መስመሩን የተሻገረ ምርኮኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ይተኮስበታል። በዚያ ካምፕ ወደ 13,000 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው በሽታና ረሃብ ነበር። አዛዡ ሄንሪ ዊርዝ በኖቬምበር 1865 በስቅላት ተቀጣ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ጽሑፍ ለኅትመት የሚደርስበትን የመጨረሻ ሰዓት በዚሁ ስም ይጠሩት ጀመር።

የአማርኛው ቃል ሌላ ሥዕል ይዟል። «ገደብ»ም «ግድብ»ም ከአንድ ግሥ፣ ከ«ገደበ» የተወለዱ ናቸው። ግድብ በየአቅጣጫው የሚፈሰውን ውኃ ያቆማል፣ ያጠራቅማል፣ ኃይል ይሰጠዋል። አንዱ ቋንቋ የሚያስፈራ መስመር ያሳያል፤ ሌላው የሚሰበስብ ግንብ። ስለ ቀነ ገደብ የተሠሩት ጥናቶች ሁለቱንም ሥዕሎች በየተራ ያሳያሉ፤ ገደቡ እንደ አሠራሩ ሰውን ያስበረግጋል፣ ወይም አቅሙን ያጠራቅምለታል።

አምስት ቀን ወይስ ሦስት ሳምንት?

በ1992 አሞስ ትቨርስኪና ኤልዳር ሻፊር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አንድ ረጅም መጠይቅ አደሉ። ሞልቶ ለመለሰ 5 ዶላር ይከፈለዋል። ለመጀመሪያው ቡድን አምስት ቀን ሰጡ፤ 60 በመቶው መለሰ። ለሁለተኛው ሦስት ሳምንት ሰጡ፤ የመለሰው 42 በመቶ ብቻ ሆነ። ሦስተኛው ቡድን ምንም ገደብ አልተደረገበትም፤ ከአራት ሰው አንዱ ብቻ መለሰ። ሥራው አንድ ነው፣ ክፍያውም አንድ ነው። ጊዜ በሰፋ ቁጥር የሚመልሰው ሰው ቀነሰ።

ነገሩ አሰልቺ ለሆነ ሥራ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ለመረዳት ቀላል ነበር። ግን ሰው ደስታውንም ያሳድራል። ሱዛን ሹና ዩሪ ግኒዚ በ2010 ባሳተሙት ጥናት ለሰዎች የኬክ ቤት የስጦታ ኩፖን ሰጡ። ለከፊሎቹ ኩፖኑ የሚያገለግለው ለሦስት ሳምንት ነው፤ ለሌሎቹ ለሁለት ወር። ሁለት ወር የተሰጣቸው ሰዎች «በእርግጥ እንጠቀምበታለን» የማለት እምነታቸው የበለጠ ነበር። በመጨረሻ ሲቆጠር ግን ሦስት ሳምንት ከተሰጣቸው 31 በመቶው ኬካቸውን በልተዋል፤ ሁለት ወር ከተሰጣቸው የበሉት 6 በመቶ ብቻ ናቸው። እነዚሁ ተመራማሪዎች በትልልቅ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች የከተማቸውን ታዋቂ ቦታዎች ለጥቂት ሳምንት ከመጣ ጎብኚ ያነሰ እንደሚያዩም ተገንዝበዋል። ነዋሪው ቦታዎቹን ለማየት የሚሯሯጠው ከተማውን ለቆ ሊሄድ ሲል ነው።

ታዲያ ማንኛውም ገደብ ከምንም ይሻላል ማለት ነው? በኒውዚላንድ ስቲቨን ኖውልስና ባልደረቦቹ ይህን ፈተሹ። ከ3,200 ለሚበልጡ ሰዎች አጭር የኢንተርኔት መጠይቅ እንዲሞሉ ግብዣ ላኩ፤ አንድ ሰው ሲሞላ 10 ዶላር ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። ለአንዳንዶቹ አንድ ሳምንት፣ ለአንዳንዶቹ አንድ ወር ሰጡ፤ ለቀሩት ምንም ቀን አልነገሯቸውም። ከሁሉም ያነሰ መልስ የመጣው አንድ ወር ከተሰጣቸው ነው። ቀን ያልተነገራቸው ከሁለቱም በልጠው ተገኙ። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ቀላል ነው። «አንድ ወር አላችሁ» ሲባል ሰው የሚሰማው «አትቸኩሉ» የሚል ፈቃድ ነው። ምንም ሳይባል ሲቀር ግን «አሁን ይፈለጋል» ብሎ ያስባል።

እዚህ ላይ የዶስቶየቭስኪ ነገር መፈታት ይጀምራል። ስቴሎቭስኪ የሰጠው ቀን ሩቅ ነበር፤ ሩቅ ቀን ደግሞ የማዘግየት ፈቃድ ይሰጣል። በዚያ ላይ የመጽሔቱ ቀን ቅርብ ስለነበር የዕለቱን ጉልበት ሁሉ ወሰደ። ቅርቡ ሥራ ሩቁን የበላው፣ ሩቁን ማዘግየት የሚያስከትለው ጉዳት እጅግ የከፋ ሆኖ ሳለ ነው።

ዕቅድ ሲወጣ የማይታየው

ሰው ሥራውን የሚያሳድርበት አንዱ ምክንያት ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ አሳንሶ መገመቱ ነው። በ1994 ሮጀር ቢውለር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እያገባደዱ ያሉ የካናዳ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቀ። የግምታቸው አማካይ 34 ቀን ሆነ። «ሁሉም ነገር ቢበላሽባችሁስ?» ሲባሉ ወደ 49 ቀን ከፍ አደረጉት። በተግባር የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። እጅግ ክፉ ያሉት ግምት እንኳ ከእውነታው ያነሰ ነበር።

ዕውቀትም ከዚህ ስህተት አያድንም። ይህን ዝንባሌ ከትቨርስኪ ጋር ስም የሰጠው ዳንኤል ካኔማን ራሱ ወድቆበታል። በ1970ዎቹ እስራኤል ውስጥ ስለ ውሳኔ አሰጣጥ የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ቡድን ይመራ ነበር። አንድ ቀን የቡድኑ አባላት መጽሐፉ የሚያልቅበትን ጊዜ እንዲገምቱ ጠየቀ፤ የሁሉም መልስ በሁለት ዓመት ዙሪያ ሆነ። ከዚያ በሥርዓተ ትምህርት ሥራ ልምድ ያለውን ሲሞር ፎክስን «እንደኛ ያሉ ቡድኖች ስንት ጊዜ ፈጀባቸው?» ብሎ ጠየቀው። ፎክስ ትንሽ አሰበና መለሰ፤ ከመቶ አርባ ያህሉ ሳይጨርሱ ቀርተዋል፣ የጨረሱትም ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ወስዶባቸዋል። ይህን የተናገረው ያው ሰው ከደቂቃዎች በፊት ለራሱ ቡድን ሁለት ዓመት ገምቶ ነበር። መጽሐፉ ስምንት ዓመት ፈጀ። ባለቀ ጊዜ የፈለገው ሰው ጠፍቶ ነበር፤ በትምህርት ቤቶችም አልተሠራበትም።

ሁለተኛው ምክንያት ስሜት ነው። ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒችል እንደሚያስረዱት ሰው የሚሸሸው ሥራው የሚቀሰቅስበትን ስሜት ነው፤ መሰልቸቱን፣ «ባይሳካልኝስ» የሚለውን ፍርሃት፣ ከየት እንደሚጀመር ያለማወቅ ጭንቀትን። ሥራውን ወደ ጎን ሲያደርግ ጭንቀቱ ወዲያው ቀለል ይለዋል፤ ያች ቅጽበታዊ እፎይታም ነገ ደግሞ እንዲያዘገይ ታለማምደዋለች። ቀነ ገደቡ ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ይመጣል፤ የመዋረድ፣ የመቀጣት፣ የመውደቅ ፍርሃት። ሁለተኛው ፍርሃት ከመጀመሪያው ሲበረታ ሰውየው ይነሣል። «ቀኑ ካልደረሰ አልሠራም» የሚል ሰው የሚናገረው እውነት ነው። ግን ያ ሰው ሥራውን ወዶት ተነሥቶ አያውቅም፤ የሚያስነሣው ሁልጊዜ የባሰ ፍርሃት ነው።

የመጨረሻዋ ሳምንት ዋጋ

በዚህ መንገድ የሚሠራ ሥራ ዋጋው ስንት ነው? ዳያን ታይስና ሮይ ባውማይስተር በ1997 ባወጡት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ትምህርት ከሚጀመርበት እስከ ፈተና ተከታተሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ የሚያሳድሩት ተማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ ዘና ያሉ፣ ጤናቸውም የተሻለ ነበር። መጨረሻው ሲደርስ ተገለበጠ፤ ከሌሎቹ የበለጠ ተጨነቁ፣ የበለጠም ታመሙ። ሁለቱ ጊዜያት ተደምረው ሲታዩ ኪሳራው ከትርፉ በለጠ። ውጤታቸውም ዝቅ ያለ ሆነ።

መሥሪያ ቤቶችም ከግለሰብ አይለዩም። የኢትዮጵያ መንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የሰኔን ግዢ ጥድፊያ በመንግሥት ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት በጀት የሚዘጋው ሴፕቴምበር 30 ነው። ጄፍሪ ሊብማንና ኒል ማሆኒ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የዚያን አገር የግዢ መዝገብ ሲመረምሩ በዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት የሚወጣው ወጪ ከሌሎቹ ሳምንታት አማካይ አምስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሆኖ አገኙት። በዚያች ሳምንት ውል የተፈረመላቸው የኮምፒውተር ሥርዓት ፕሮጀክቶችም በጥራት መለኪያ ከሌሎቹ ያነሰ ነጥብ አገኙ። ቀኑ ተከብሯል፤ የሕዝብ ገንዘብ ግን ለደካማ ሥራ ወጥቷል።

ቴሬሳ አማቢሌ ከሃርቫርድ ባልደረቦቿ ጋር በሰባት የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚሠሩ 177 ሰዎች በየቀኑ የጻፉትን ከ9,000 በላይ የውሎ ማስታወሻ መርምራለች። ጥድፊያ በበዛባቸው ቀናት ሰዎቹ ብዙ ሥራ ሠሩ፤ ራሳቸውንም የላቀ ፈጠራ እንዳሳዩ አድርገው ቆጠሩ። ማስታወሻቸው የመሰከረው ተቃራኒውን ነው፤ አዲስ ሐሳብ የማፍለቅ ዕድላቸው በእነዚያ ቀናት በእጅጉ ወርዷል። በጥድፊያ ውስጥ ያለ ሰው የራሱን ሥራ በትክክል መመዘን ያቅተዋል።

አንዳንዴ ዋጋው ሕይወት ነው። በጃንዋሪ 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ጉዞ ደጋግሞ ተራዝሞ ነበር። ከመነሻዋ ዋዜማ የሮኬቱ መሐንዲሶች ብርዱ መጋጠሚያውን የሚዘጉትን የጎማ ቀለበቶች እንደሚያደነድናቸው አስጠንቅቀው ጉዞው ይቅር አሉ። የጊዜ ሰሌዳው ጫና በረታና ማስጠንቀቂያቸው ታለፈ። ጃንዋሪ 28 ጠዋት መንኮራኩሯ በተነሣች በ73 ሰከንድ ውስጥ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን የጊዜ ሰሌዳ ጫናን ከአደጋው ምክንያቶች መካከል አስፍሯል።

ገደቡን መሸንሸን

መፍትሔው ቀነ ገደብን መጣል አይደለም፤ የትቨርስኪና የሻፊር መጠይቅ እንዳሳየው ገደብ የሌለው ሥራ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። አንዱን ትልቅ ቀን ወደ ትንንሽ ቀናት መሸንሸን ግን ተሞክሮ ታይቷል።

ዳን አሪዬሊና ክላውስ ቨርተንብሮክ በ2002 ባሳተሙት ጥናት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚማሩ ሁለት ክፍሎችን አነጻጸሩ። ሁለቱም በ14 ሳምንት ውስጥ ሦስት ጽሑፍ ማስረከብ አለባቸው። አንደኛው ክፍል በእኩል የተራራቁ ሦስት ቀናት ተቆረጡለት። ሁለተኛው ቀኖቹን ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደለት፤ ሆኖም የመረጠውን ቀን ያሳለፈ ተማሪ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ በመቶ ይቀነስበታል። ሁሉንም ለመጨረሻው ቀን ማድረግ በግልጽ የሚያዋጣ ሆኖ ሳለ አብዛኞቹ ተማሪዎች በፈቃዳቸው ቀደም ያሉ ቀናትን ቆረጡ፤ ጠባያቸውን ያውቁታል ማለት ነው። የተሻለ ውጤት ያገኘው ግን ቀኖቹ የተቆረጡለት ክፍል ነው። እዚያው ጥናት ውስጥ 60 ተማሪዎች የጽሑፍ ስህተት እንዲያርሙ ሲደረግ፣ በየሳምንቱ የሚያስረክቡት ብዙ ስህተት አገኙ፤ ራሳቸው ቀን የመረጡት ተከተሏቸው፤ በአንድ የመጨረሻ ቀን የሚያስረክቡት መጨረሻ ወጡ።

ይህ ጥናት በብዙ መጽሐፍ ይጠቀሳል፤ ሆኖም ብቻውን ሊታመንበት አይገባም። አሪዬሊ የተሳተፈበት ሌላ የ2012 ጽሑፍ መረጃው የተጭበረበረ ሆኖ በመገኘቱ በ2021 ከመጽሔቱ ተሰርዟል። አልቤርቶ ቢሲንና ካይል ሂንድማን በ2020 ባሳተሙት የመስክ ሙከራ ደግሞ ተማሪዎች ለራሳቸው ቀን መቁረጥ ቢወዱም ራስ የቆረጠው ቀን ሥራ የመጨረስ ዕድላቸውን አላሳደገም። ሁለቱ ጥናቶች በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ሰው ለራሱ የቆረጠው ቀን ደካማ ነው፤ የቆረጠው እሱ ነውና ሲያሻው ያነሣዋል።

ማዶ የሚጠብቅ ሰው

ይህን ድክመት ኢትዮጵያውያን ከማንኛውም ጥናት በፊት በእቁብ ፈትተውታል። አንድ ነጋዴ በየሳምንቱ ገንዘብ ለማስቀመጥ ለራሱ ቃል ቢገባ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ለቅሶ፣ ድግስ እየመጣ ቃሉን ያስረሳዋል። እቁብ ሲገባ ግን የመጣያው ቀን ይታወቃል፣ መጠኑ ይታወቃል፣ ዳኛው ይጠይቃል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ዕጣ የወጣለትም ዋስ ያቀርባል። ሳምንቱ ሲደርስ ገንዘቡን የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ያ ሰው ጎረቤት ነው፣ የሥራ ባልደረባ ነው፣ ዘመድ ነው። በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም፣ ባንክ በደጃቸው ሞልቶ ሳለ፣ ኢትዮጵያውያን ዛሬም እቁብ ይጥላሉ።

ሜሪ ኬይ ጉገርቲ በምዕራብ ኬንያ ተመሳሳይ ማኅበራትን አጥንታ በ2007 ባሳተመችው ጽሑፍ አባላቱ የሚሰጡት ዋና ምክንያት ይኸው መሆኑን ዘግባለች፤ ብቻቸውን ሲሆኑ መቆጠብ አይሆንላቸውም። የሰው ዓይን ገንዘብ ላይ የሚሠራውን ሥራ ላይም ይሠራል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ «በስድስት ወር እጨርሳለሁ» ከሚል፣ ዘወትር ሐሙስ አምስት ገጽ የሚቀበለው አንድ ጓደኛ ቢኖረው ይሻለዋል።

ቀኑ ከቦታ ጋር ሲታሰር ደግሞ ይጠነክራል። ፒተር ጎልቪትሰርና ቬሮኒካ ብራንድሽቴተር በ1997 ባሳተሙት ሙከራ ጀርመን ውስጥ ያሉ ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ጠየቁ። ገሚሶቹ መቼና የት ተቀምጠው እንደሚጽፉ አስቀድመው ወሰኑ። ከእነዚህ ከአራቱ ሦስት ያህሉ በቀኑ ላኩ፤ እንዲህ ካላደረጉት ውስጥ የላከው ከሦስት አንድ ያህል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመስከረም 1888 ያስነገሩት የዓድዋ ክተት አዋጅም ቀንና ቦታ ያጣመረ ነበር። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከትቶ እንዲገኝ አዘዘ። ሰሚው የሚያመነታበት ነገር አልተተወለትም፤ የሚደርስበት ቀን፣ የሚቆምበት ሜዳና የሚጠብቀው ንጉሥ ታውቀዋል።

ሥራ የሚያሳድር አንባቢም ከዚህ ሁሉ የሚወስደው ነገር አለ። ሩቁን ቀን ትቶ የዚህን ሳምንት ድርሻ ይቁረጥ። ጊዜውን ሲገምት በራሱ ተስፋ ሳይመራ ያለፈው ተመሳሳይ ሥራ ስንት ቀን እንደፈጀበት ይቁጠር። የት ተቀምጦ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ይወስን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድርሻውን የሚቀበለው አንድ ሰው ይፈልግ።

ሃያ ስድስት ቀናት

ዶስቶየቭስኪ ያገኘው ይህንኑ ሰው ነው። ወዳጁ ሚልዩኮቭ ጭንቀቱን ሲሰማ መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ጓደኛሞች ምዕራፉን ተከፋፍለው እንዲጽፉለት ነበር። ደራሲው በሌላ ሰው ሥራ ላይ ስሜን አላኖርም አለ። ያኔ ሚልዩኮቭ የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ እንዲቀጥር መከረው። የአጭር ጽሕፈት መምህሩ ኦልኺን ከተማሪዎቹ የላቀችውን፣ የ20 ዓመቷን አና ግሪጎሪየቭና ስኒትኪናን መረጠለት። ለጠቅላላው ሥራ 50 ሩብል ይከፈላታል።

ኦክቶበር 4 ቀን ከእኩለ ቀን በፊት በሩን አንኳኳች። የመጀመሪያው ቀን አልሰመረም። ደራሲው ተበሳጭቶ ነበር፤ እጅግ እየፈጠነ አነበበላት፣ ነጥብ ዘለልሽ ብሎም ተቆጣት፤ ከዚያ ማታ ተመለሺ አላት። እሷም ተመለሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው መልክ ያዘ። ሌሊት እሱ ማስታወሻ ያዘጋጃል። ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ይነግራታል፣ እሷ በአጭር ጽሕፈት ትይዛለች። ማታ ቤቷ ገብታ በጥሩ ወረቀት ትገለብጠዋለች፤ በማግሥቱ ይዛ ስትመጣ ያርመዋል። ገጹ ሲከማች ዶስቶየቭስኪ ስንት እንደደረሰና ስንት እንደቀረ ደጋግሞ ይጠይቃት ጀመር፤ ቁጥሩን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል።

የኖቬምበር 1 ቀን ከአንድ ዓመት በላይ አፍጥጦበት ቆይቶ ምንም አላስጻፈውም። ያስጻፈው በየቀኑ በቀትር የምትመጣው፣ እርሳሷን ቀርጻ፣ የምትሰማውን ዓረፍተ ነገር የምትጠብቀው ወጣት ናት። ቅጣቱ በውሉ ላይ እንዳለ ነው፤ አልቀለለም። አሁን ግን የሩቁ ቀን ወደ ሃያ ስድስት ትንንሽ ቀናት ተሸንሽኗል፤ በእያንዳንዱም ማዶ የሚጠብቅ ሰው አለ። «ቁማርተኛው» ኦክቶበር 29 ቀን ተነግሮ አለቀ። በማግሥቱ፣ ደራሲው 45 ዓመት በሞላበት ቀን፣ አና የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልብጣ አመጣችለት።

ስቴሎቭስኪ ግን ከከተማ ወጥቶ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም ሥልጣን የለኝም ብሎ ጽሑፉን አልቀበልም አለ። አና አስቀድማ ምክር ጠይቃ ነበርና ዶስቶየቭስኪ ጽሑፉን ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ኖቬምበር 1 ምሽት፣ ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ ማስረከቡን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ተቀበለ። የዘጠኝ ዓመት ድካሙም ከአሳታሚው እጅ ዳነ።

ከዚያ በኋላ አናን «ወንጀልና ቅጣት»ን አብረን እንጨርስ አላት፤ በፌብሩዋሪ 1867 ተጋቡ። በቀጣዮቹ አሥራ አራት ዓመታት የጻፋቸውን ትልልቅ ልብ ወለዶች ለእሷ እየነገረ፣ እሷ በአጭር ጽሕፈት እየያዘች ጨረሰ። በ1879ና በ1880 የወጣው የመጨረሻ ልብ ወለዱ «ካራማዞቭ ወንድማማቾች» መታሰቢያነቱ ለአና ግሪጎሪየቭና ዶስቶየቭስካያ ነው።